እጅ የሌላት ሴት

«ሁለቱንም እጇን ማሽን በልቶባት ነው አሉ» አለች ዶት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

ዶት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዘወትር ሐሙስ በሆባርት ከተማ ሙዚየም በነፃ እንግዳ ታስጎበኛለች። ሥራዋን ትወዳለች። የምታውቀውን ትናገራለች፤ የምታውቀው ሲያልቅባት ደግሞ ከራሷ ትቀጥልበታለች። በሙዚየሙ ላይኛው ፎቅ፣ ከደረጃው ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ማንም ልብ ብሎ የማያያት በእርሳስ የተሣለች አንዲት ሴት ተሰቅላለች። የሸንበቆ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ዓይኗ «ምን ታፈጣለህ?» የሚል ነው። ክንዶቿ ወደ ጭኗ ይወርዱ ይወርዱና ልክ አንጓዋ ላይ ሲደርሱ ሥዕሉ ያበቃል። ከሥሯ «የተቀመጠች ሴት፣ 1956» ተብሎ ተጽፏል። ስም የላትም። ዶት ስም ባታገኝላት ታሪክ አገኘችላት።

«የጃም ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች አሉ። ሠዓሊው ከልቡ ይወዳት ስለነበር ጉድለቷን አላሳይም ብሎ እዚያ ላይ አቆመው። እንግዶቹ እኮ ሲሰሙ ያለቅሳሉ!»

ጓደኛዋ ኡና ዱባ እየከተፈች ነበር። በሁለቱም እጆቿ።

«ማነው ያለው?»

«ሰዉ ነዋ!»

«ሰዉ ማለት አንቺ ነሽ። አንቺ ትያለሽ፣ ሐሙስ የመጣው ይሰማል፣ አርብ ተመልሶ ላንቺ ይነግርሻል፣ አንቺም ‹ሰዉ አለ› ትያለሽ።»

«አይ ኡና፣ ምላስሽ! ኮል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዴት ሠላሳ አምስት ዓመት ቻለሽ?»

«ጆሮው ከባድ ነበር።»

ዶት ሳቀች። ብስኩቷን ሻይዋ ውስጥ ነክራ ከጎረሰች በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ «ለማንኛውም ማክሰኞ ያወርዷታል» አለች። «ከመስታወቱ ኋላ እርጥበት ገብቷል። ብሪዲ፣ ያቺ ወረቀት የምታክመው ልጅ፣ ከፍሬሙ አውጥታ ታጸዳዋለች። ከዚያ በፊት መጥተሽ እያት። ይኸው አሥር ዓመት ስለምንሽ!»

የኡና ቢላ ዱባው ላይ ቆመ። ሥዕሏን እንደምታውቃት፣ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደጠላቻት፣ ለዶት አልነገረቻትም። ለኮልም ሳትነግረው ቀበረችው። አንዳንድ ቁስል ለሰው ሲያሳዩት ይሽራል ይባላል። የኡና ግን ኩሩ ነበር፤ ሲያዩት አይወድም።

*

ሥዕሉ በተሣለበት ዓመት ኡና ፓይበስ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ከወደቡ አጠገብ ባለው ጃም ፋብሪካ ትሠራለች። ጥር ላይ እንጆሪ ያፈላሉ፣ ሚያዝያ ላይ ፖም። ከገና እስከ ፋሲካ ጣቶቿ እንደ ቀይ ሥር ይቀላሉ፤ በሣሙናም በአሸዋም ቢፈትጓቸው አይለቁም። በግራ እጇ ጀርባ ላይ፣ የፈላ ስኳር የፈነጠቀባት ቦታ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ። ከትምህርት ቤት የወጣችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ከወደብ ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰች፣ በምሳ ሰዓት ባልደረቦቿ ሲያወሩ እሷ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ በማንበብ ነው። ማንም ስላላስተማራት ማንም ፊት አታጎነብስም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሥዕል ትምህርት ቤት ትቀመጣለች። ልብሷን እንደለበሰች፣ ወንበር ላይ፣ ሳትነቃነቅ። የተማሪዎቹ ሥራ መሣል፣ የእሷ ሥራ መቀመጥ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ተቀማጮች ከሸራ ወደ ሸራ እየዞሩ «እኔን ነው? አፍንጫዬ እንዲህ ነው?» ይላሉ። ኡና ግን ዞራ አታውቅም። መጽሐፏን ገልጣ እዚያው ትቀራለች።

«ማየት አትፈልጊም?» አላት አንድ ቅዳሜ ሩፐርት አርንዴል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ልጅ ነው፤ ሀብታም ብቻ የሚደፍረው ዓይነት መጣፊያ።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ራስሽን።»

«ራሴን ቤቴ መስታወት ያሳየኛል። እሱ ደግሞ ላጲስ አይፈልግም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሩፐርት እስከ ጆሮው ቀላ። ግን እሱም ሳቀ፤ ኡናን የያዛት ያ ነው። ሀብታም በራሱ ሲስቅ አይታ አታውቅም ነበር።

የሩፐርት አባት ሞተዋል። በመሀል አገር፣ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋው የበጎች መሬት፣ ትልቁ የድንጋይ ቤት፣ የሱፉ መጋዘን፣ ሁሉም በእሱና በእናቱ እጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና እየነዳ የሚመጣው ሥዕል ሊማር ነበር። ከሚያዝያ በኋላ ግን ሥዕል ሰበብ ሆነ። ኡና ቀና ስትል እርሳሱን ይቀርጻል። ኡና ዓይኗን ስትሰብር ቀና ይላል። እርሳሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ አልቆ ጉቶ ይሆናል። ማቪስ፣ የፋብሪካ ባልደረባዋ፣ እስከ ትራሙ ድረስ አብሯት ሲሄድ አይታ፣ «ኡና፣ በግ ጠባቂሽ መጣ!» እያለች ሰኞን ሙሉ ታበሽቃታለች።

«በግ ጠባቂ ሳይሆን የበግ ጌታ ነው» ትላለች ኡና።

«እና አንቺ ምኑ ልትሆኚ ነው? ሸላቹ?»

ሌሎቹ ይስቃሉ። ኡናም ትስቃለች። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ፖሙን ስታማስል ጥያቄው ከድስቱ ሥር ተነስቶ ይንተከተካል፦ ምኑ ልሆን ነው?

*

ሰኔ ላይ ወደ ትልቁ ቤት ሻይ ጋበዛት። ኡና ጓንት አላደረገችም። ማቪስ የእህቷን ነጭ ጓንት ልታውሳት ብትል፣ «እጄ ከእኔ ጋር ነው የመጣው፣ አብሮኝ ይግባ» ብላ እምቢ አለች።

ወይዘሮ አርንዴል ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ደረቅ፣ ፊታቸው የበልግ ንፋስ የገረፈው አጥር የሚመስል ሴት ነበሩ። ሻይ ሲቀዱ ግራ እጃቸው ላይ ቀለበት አየች። አምስት ትንንሽ ፈርጦች እንደ አበባ የተደረደሩበት አሮጌ ቀለበት ነው፤ አንዷ ፈርጥ ወልቃ ባዶ ጎድጓዷ ትታያለች። ይህ ሁሉ በግ ያለው ሰው አንዲት ፈርጥ ማስተከል እንዴት ያቅተዋል አለች ኡና በሆዷ።

እሳቸው ደግሞ የኡናን እጅ ሲያዩ ቆዩ። ረጅም ጊዜ።

«ምን ነካቸው?» አሏት።

«ጃም ነው የነካቸው እመቤቴ። እርስዎ ዳቦዎ ላይ የቀቡት።»

ሩፐርት ትንታ ያዘው። ወይዘሮ አርንዴል የዳቦ ቢላቸውን በቀስታ አስቀመጡ። ዓይናቸው የኡና ጠባሳ ላይ ነበር።

«የሠራ እጅ ነው» አሉ።

ኡና ያችን ሦስት ቃል እንደ እሾህ ይዛት ተመለሰች። መኪናው ውስጥ ሩፐርት ሦስት ጊዜ «እናቴ እንዲህ ናት፤ ንግግር አታውቅም» አላት፤ ንግግርን ግን እሷ ታውቃለች። የሠራ እጅ። ፈረስ ሲገዙ ጥርስ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ አለች።

*

የመጨረሻው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ሁሉም ሲሄዱ ሩፐርት ብቻ ቀረ። እርሳሱን አስቀምጦ ሥዕሉን ወደ ራሱ አዙሮ አየው፤ ከዚያ እሷን።

«ጨረስኩ። ነይ እዪው።»

«ሕጌን ታውቀዋለህ።»

«ለዛሬ ብቻ ተይው። ለእኔ ብለሽ።»

ልቧ ሊነሳ ከጅሎ ነበር። ወንበሩን በእጇ እንደያዘች ለአፍታ ቆየች። ሮጣ ሄዳ ለራሷ ምስል ስትንሰፈሰፍ፣ ሌሎቹ ተቀማጮች እንደሚሆኑት ስትሆን፣ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። ክብሯ ጉልበቷን ያዛት።

«እንደ እናትህ ወዳጆች፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አየዋለሁ» አለችው። «ከእነሱ ቀድሜም ዘግይቼም አይደለም።»

ሩፐርት ፈገግ አለ። «እሺ። ኡና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአፌ ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት ታዪዋለሽ፤ ስታዪው ጥያቄዬ ይገባሻል። እዚያው መልሺልኝ። ‹እሺ› ካልሽ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

«‹እምቢ› ካልኩስ?»

«ሁለተኛ አልጠይቅሽም። አንቺ አንዴ ያልሽውን የምታጥፊ ሰው አይደለሽም።»

ኡና በዝናብ ውስጥ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጃንጥላዋን መዘርጋት ረሳች።

*

ነሐሴ ላይ፣ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ኡና ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ያለ ጓንት፣ ብቻዋን ገባች። አሥራ ሁለት ሥዕሎች በአንድ ዓይነት ጥቁር ፍሬም፣ በአንድ ልክ፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ስድስተኛው ኮቴ የሌለው ፈረስ ነው። ኡና ፈረሱን አላየችውም። ዓይኗ ሰባተኛው ላይ ነበር።

ፊቷ አለ። አንገቷ አለ። እንዲህ ቆንጆ መሆኗን መስታወቷ ነግሯት አያውቅም ነበር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሰውነቷ በሙሉ ሞቀ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ክንድ። አንጓ። ነጩ የካርቶን ጠርዝ። አለቀ።

እጆቿ የሉም።

ከኋላዋ ሁለት ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ቆመው ነበር። «እጇስ?» አለች አንደኛዋ። «ምናልባት የሚሣል አልነበረም» አለች ሌላዋ፣ ሳቋን በጓንቷ ሸፍና።

ኡና የጃም ሽታ ከጣቶቿ ተነስቶ አዳራሹን የሞላው መሰላት። ጥያቄው ይሄ ነው ለካ! እጅሽን ትተሽ ነይ። ፊትሽ ሳሎናችን ይሰቀላል፤ እጅሽ ግን ፋብሪካው ውስጥ ይቅር።

«ልጄ» አላት ደረቅ ድምፅ። ወይዘሮ አርንዴል አጠገቧ ደርሰዋል። የግራ እጃቸውን ጓንት ቀስ ብለው አወለቁ፤ እጃቸውንም ዘረጉላት። ኡና የተዘረጋውን እጅ አየች። ጣቱ ባዶ ነው። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል። እኔን ለመጨበጥ ቀለበታቸውን አውልቀው መጡ! እንዳላቆሽሽባቸው!

እጃቸውን አልጨበጠችም። ዞራ ወጣች።

ሩፐርት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወጣ ተገናኙ። ፀጉሩ ተንጨባሯል፤ ቀኝ እጁ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው።

«ዘገየሁ፣ አንድ ዕቃ ከሚጠግነው ሰው መቀበል ነበረብኝ… ኡና! አየሽው?»

«አየሁት።»

«እና?» ፊቱ እንደ ሕፃን ተከፍቶ ነበር። እጁን ከኪሱ አላወጣም። ከእኔ ጋር ሲነጋገር እንኳ እጁን ከኪሱ አያወጣም አለች በልቧ።

«መልሴን እዚያው ስጪኝ ብለህ አልነበር? ይኸው። እምቢ።»

«ኡና…»

«እምቢ! ለእናትህም እንዲሁ በላቸው። እኔ ምጽዋት ጠይቄህ አላውቅም፤ አንተም ተመጽዋች አታድርገኝ።»

ወዛም ፊቱ አመድ ሆነ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ምናልባት ልትጠይቀው፣ ምናልባት ሊጠይቃት፣ በመካከላቸው አንድ ደረጃ ብቻ ነበር። ግን ሁለተኛ አልጠይቅሽም ብሏል፤ እሱም የእናቱ ልጅ ነው።

«ገባኝ» አለ።

ወደ አዳራሹ አልገባም። ዞሮ ደረጃውን ወረደ፤ አሁን አንድ በአንድ። ኡና ጀርባውን እያየች ሳለ አንዴ ዞር ቢል እንደምትሮጥለት አወቀች። ስላወቀችው ራሷን ጠላች።

*

በሦስተኛው ሳምንት ከሜልበርን ደብዳቤ መጣላት።

«ኡና፣ ያየሽውን አይተሽ የመለስሽልኝ ስለሆነ አልከራከርሽም። ባሕሩን ተሻግሬ እዚሁ ለመቅረት ወስኛለሁ። መሬቱን እናቴ ትሸጠዋለች። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ ከእንግዲህ የማንንም እጅ አልሥልም። ሩፐርት።»

ኡና አንዴ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ «ይሳለቅብኛል!» ብላ ጮኸች፤ ማቪስ ደንግጣ ማማሰያውን ጣለች። ወረቀቱ ከሚፈላው ድስት ሥር ገባ። በየካቲት ኮል ባንቲክን አገባች። የወደብ ሠራተኛ፣ ደግ፣ ጆሮው የከበደ ሰው። ክፉ ኑሮ አልኖረችም። ይህን ማለት ይቻላል፤ ሌላ ማለት ግን አይቻልም።

ወይዘሮ አርንዴል በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ሩፐርት የሱፍ ነጋዴ ሆነ፤ አግብቶ ወለደ። ባለፈው ዓመት ክረምት መሞቱን ኡና ከጋዜጣ ላይ አነበበች። አነበበች፤ ጋዜጣውን አጣጥፋ የድንች ልጣጭ ጠቀለለችበት፤ ከዚያ ልጣጩን አውጥታ ጋዜጣውን አደረቀችው።

*

ማክሰኞ ዕለት ከዶት ጋር ሄደች። «ይቺን ወሬሽን አፍሽ ላይ ልዘጋልሽ ነው የመጣሁት» አለቻት በአውቶቡሱ ውስጥ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሥዕሉን ራቁቱን፣ ያለ ፍሬም፣ አንዴ ሰድባው ለመሞት ነው።

ብሪዲ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ሰክታዋለች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የተገለበጠ ወረቀት ተዘርግቷል። ባዶው ጥቁር ፍሬም ከጎኑ ቆሟል።

«እንኳን መጡ ወይዘሮ ባንቲክ!» አለች። «ዶት ሳያዩዋት አይቀሩም ብላኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ጉድ አግኝቻለሁ። ዶት፣ ታሪክሽ ገደል ገባ።»

«የምን ገደል?» አለች ዶት።

«ያ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ፍሬም ብቻ ነበረው፤ ሁሉም እኩል። በየዓመቱ ያንኑ ነበር የሚጠቀሙት። ወረቀቱ ሲረዝምባቸው አይቆርጡትም፤ የተረፈውን ከካርቶኑ ሥር ይሸፍኑታል። ተማሪዎቹንም አይጠይቁም፤ አናጢው በልኩ ይዘጋዋል፣ በቃ። ከዚያው ዓመት አንድ ፈረስ አለ፣ ያለ ኮቴ የተሰቀለ። ትናንት ከፈትኩት፤ አራቱም ኮቴ እዚያው አለ!»

ኡና ባዶውን ፍሬም አየች። ፈረሱ። ፈረሱ አጠገቧ ነበር።

ብሪዲ ወረቀቱን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ ገለበጠችው።

እጆቹ ጭኗ ላይ ነበሩ። ከፊቷ ይልቅ እነሱ ላይ ነው የደከመው። እያንዳንዷ አንጓ፣ እያንዳንዷ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ እንጆሪው የገባበት ጥላ፣ ሁሉም አለ። በግራ እጇ ጀርባ ላይ ግማሽ ጨረቃ ወጥታለች። ኡና ሳታስበው የራሷን ግራ እጅ ከወረቀቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አርባ ሁለት ዓመት አሸብሽቦታል፤ ጨረቃዋ ግን ያው ናት።

ዶት ጠባሳውን አየች። ሥዕሉን አየች። በሹክሹክታ፣ «ኡና… ሐሙስ ምን ልበላቸው?» አለች።

«ያንኑ በያቸው» አለች ኡና። «ማሽን በላቸው በያቸው።»

ብሪዲ የሁለቱን ፊት አላየችም፤ አጎንብሳ በማጉያ መነጽር የግራ እጇን ጣት እየመረመረች ነበር።

«ይቺን አያችኋት? ቀለበት አድርጎላታል። አሮጌ ናት፣ እንደ አበባ፤ ግን አራት ፈርጥ ብቻ ነው ያላት። አምስተኛዋን ሳይሥላት ረስቶ ይሆን?»

ኡና ቀለበቷን አየቻት። ነጭ መስመር የቀረባት ባዶ ጣት፣ ተዘርግታ ያልተጨበጠች፣ ትዝ አለቻት። ከኪስ ያልወጣች እጅም።

«አልረሳትም» አለች። «ፈርጧ ድሮውንም ወልቃ ነበር። ቀለበቱ የእናቱ ነው።»